ለሬሾ ትንተና የኩባንያ ሂሳብ ከየት ታመጣላችሁ? ሁለት ድረ ገጽ ሁለት መልስ ሰጠኝ

ሠንጠረዥ_22 (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። የመመረቂያ ጽሑፌ በስምንት የችርቻሮ ኩባንያዎች ላይ ነው። ዋልማርት፣ ታርጌት፣ ኮስትኮ፣ ክሮገር፣ ሎውስ እና ቴስኮ አሉበት፤ ሁለቱን ገና አልወሰንኩም። የአምስት ዓመት ሬሾ ማስላት አለብኝ። የአጭር ጊዜ ዕዳ የመክፈል አቅም፣ ትርፋማነት፣ የዕዳ ጫና፣ የክምችት ዙር። ቀመሩ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ቁጥሩ ነው።

ለሙከራ ብዬ አፕልን ወሰድኩ። ችርቻሮ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ መረጃው የትም አይጠፋም ብዬ ነው። የ2023 የዕዳና የካፒታል ሬሾ አንዱ ድረ ገጽ ላይ 1.79 ነው። ሌላው ላይ 4.67። ይሄ እኮ የማጠጋጋት ልዩነት አይደለም፣ የሰማይና የምድር ነው። የቱን ልመን? ሁለቱም ከየት እንዳመጡት አይናገሩም።

የሚከፈልበት ዳታቤዝ የለኝም። ብሎምበርግ ተርሚናል የሚል ሰው ካለ ከወዲሁ አመሰግናለሁ፣ ይለፈኝ።

ደብተር_ገላጭ

እህቴ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። የተጣሉት በቁጥሩ ሳይሆን «ዕዳ» በሚለው ቃል ነው።

ራስሽ አስዪው። የአፕል የ2023 የሂሳብ ዓመት ያለቀው ሴፕቴምበር 30 ነው። በዚያን ቀን የባለአክሲዮኖች ካፒታል 62,146 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ጠቅላላ ዕዳው ደግሞ 290,437 ሚሊዮን። አካፍይው፣ 4.67 ይመጣል። ግን እዚህ ውስጥ ለአቅራቢ ያልተከፈለ ሂሳብም አለ፣ አስቀድሞ የተሰበሰበ የአገልግሎት ገንዘብም አለ፣ ያልተከፈለ ግብርም አለ።

አሁን ብድሩን ብቻ ውሰጂ። የረጅም ጊዜው 95,281። በዓመት ውስጥ የሚከፈለው 9,822። ኮሜርሻል ፔፐር የሚሉት የአጭር ጊዜ ብድር 5,985። ድምሩ 111,088 ሚሊዮን። ለዚያው ካፒታል ስታካፍይው 1.79።

የክምችት ዙርም፣ ማለትም ክምችቱ በዓመት ስንት ጊዜ ተሸጦ እንደሚተካ፣ እንደዚሁ ነው። በዚያው ዓመት የተሸጠው ዕቃ ወጪ 214,137 ሚሊዮን ነው። ለዓመት መጨረሻው ክምችት፣ ማለትም ለ6,331 ካካፈልሽው 33.8 ጊዜ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አማካይ ከወሰድሽ 38 ገደማ። አንዱ ድረ ገጽ በዚህ ያሰላል፣ ሌላው በዚያ። ደንበኛው አይጠይቅም፣ እነሱም አይነግሩም።

ስለዚህ ሬሾ አትሰብስቢ። ጥሬውን ቁጥር ሰብስቢና ሬሾውን ራስሽ ሥሪው። አባቶች «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህ ባይሆንም ለዚህም ይሠራል።

ሥሩ የት ነው? አሜሪካ ለተመዘገቡት ኤድጋር ነው፤ የአገሪቱ የሴኪዩሪቲስ ኮሚሽን የሪፖርት መዝገብ። ነፃ ነው፣ ምዝገባም አይጠይቅም። የምትፈልጊው 10-ኬ የሚባለውን የዓመት ሪፖርት ነው። ክፍል 8 ላይ ኦዲት የተደረጉት መግለጫዎች ከነማብራሪያቸው አሉ። አንዳንድ ኩባንያ እዚያ ቦታ ላይ «በአባሪው ተመልከት» ብሎ ወደ ሌላ ፋይል ይልክሻል፣ አትደንግጪ። ቴስኮ ግን እዚያ የለም። የእሱን ከራሱ የባለሀብቶች ገጽ ዓመታዊ ሪፖርቱን ታወርጃለሽ፤ ፒዲኤፍ ነው።

ፈጣኑ

ይሄ ሁሉ ለምን? ቻትቦት ጠይቂው፣ በሁለት ደቂቃ ሠንጠረዥ ይሠራልሻል።

ሠንጠረዥ_22 (ጠያቂ)

@ፈጣኑ ጠይቄው ነበር። ሽያጩን ከአንድ ዓመት፣ ትርፉን ከሌላ ዓመት ወስዶ የሚያምር ሠንጠረዥ ሠራልኝ። ያወቅኩት አጋጣሚ አንዱን ሳመሳክር ነው። አማካሪዬ ፊት ቢሆን ኖሮ አለቀልኝ።

@ደብተር_ገላጭ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ገባኝ። ግን ስምንት ኩባንያ በአምስት ዓመት አርባ ሪፖርት ነው። አንዱ ብቻ ከመቶ ገጽ በላይ። እንዴት ነው የሚቻለው?

ኮድ_ለቃሚ

አይቻልም፤ መቻልም የለበትም። ከጋሼ ጋር በመርሁ እስማማለሁ፣ በእጅ መልቀሙ ላይ ግን አልስማማም። አርባ ሪፖርት፣ ከእያንዳንዱ አሥራ አምስት መስመር። ስድስት መቶ ቁጥር ነው። ስድስት መቶ ቁጥር በእጅ የጻፈ ሰው የሆነ ቦታ ላይ ሳይሳሳት አይቀርም።

የአሜሪካ ኩባንያዎች ከ2009 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መግለጫቸውን በኤክስቢአርኤል እንዲያስገቡ ተደርጓል። እያንዳንዱ ቁጥር ላይ ማሽን የሚያነበው ምልክት ይለጠፍበታል ማለት ነው። ኤድጋር ይህንኑ በኤፒአይ፣ ማለትም ኮድ በቀጥታ መረጃ በሚጠይቅበት መስመር፣ በነፃ ይሰጣል፤ የመግቢያ ቁልፍ አይጠየቅም። የኩባንያውን የሲአይኬ ቁጥር፣ ማለትም ኤድጋር ላይ ያለውን መለያ ቁጥር፣ ትፈልጊያለሽ፤ አሥር አኃዝ እስኪሞላ ከፊት ዜሮ ትጨምሪበታለሽ። ጥያቄሽ ውስጥ ማን እንደሆንሽ ግለጪ፣ በሰከንድ ከአሥር ጥያቄ አትለፊ። አለበለዚያ ይዘጉብሻል። እኔን ዘግተውኛል፣ ጥፋቱ የራሴ ነበር።

ኮድ ካልጻፍሽ ደግሞ ኮሚሽኑ በየሩብ ዓመቱ የሚያወጣው የታመቀ የመረጃ ጥቅል አለ። በዳታቤዝ ፕሮግራም ይከፈታል። ኤክሴል ላይ ግን ስለሚከብድ ላፕቶፕሽ ያቃስታል።

ደብተር_ገላጭ

@ኮድ_ለቃሚ ወንድሜ፣ አርባው ሪፖርት ከየት መጣ?

አንድ 10-ኬ የሁለት ዓመት የሀብትና ዕዳ መግለጫ አጠገብ ለአጠገብ ያሳያል። የትርፍና ኪሳራው የሦስት ዓመት ነው። ለአምስት ዓመት አማካይ የምትፈልገው ስድስት የዓመት መጨረሻ ነው። ስለዚህ ለአንድ ኩባንያ አንድ እየዘለልክ ሦስት ሪፖርት ይበቃሃል። ለስምንቱ ሃያ አራት። ቡና ይዞ ሁለት ቅዳሜ ነው።

ሌላ ጥቅምም አለው። በእጁ የለቀመ ሰው ማብራሪያውን ያያል። የማሽኑ ሰው አያይም።

ኮድ_ለቃሚ

ሃያ አራቱን አላሰብኩትም፣ እውነት ነው። ተሸነፍኩ፣ ግን በከፊል። መቶ ኩባንያ ቢሆን ኖሮስ?

እህታችን ኤፒአዩን ከመረጠች ግን እኔን ያቃጠሉኝን ነገሮች ልንገራት።

የሽያጭ ምልክቱ ዓመት ሲቀየር ይቀየራል። የገቢ አመዘጋገብ ደንቡ በ2018 ሲለወጥ ብዙ ኩባንያዎች የድሮውን ምልክት ትተው ወደ አዲስ ሄዱ። በአንድ ምልክት ብቻ ከፈለግሽ ሽያጩ በ2017 ያበቃል። ኩባንያው የተዘጋ ይመስልሻል።

አንድ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይመጣል። የ2021 ሽያጭ በ2021 ሪፖርት አለ፣ በ2022ም በ2023ም ለማነጻጸሪያ ይደገማል። አንዳንዴ ኩባንያው ምደባውን ስላስተካከለ ቁጥሩ ይለያያል። የገባበትን ቀን እያየሽ አንዱን ደንብ ያዢ፤ ወይ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን፣ ወይ ሁልጊዜ የመጨረሻውን። መቀላቀል ነው ወንጀሉ።

ሩብ ዓመት ከገባሽ ደግሞ የአራተኛው ሩብ ሪፖርት የሚባል የለም። ዓመቱን ወስደሽ የዘጠኝ ወሩን ትቀንሻለሽ። የገንዘብ ፍሰት መግለጫው በ10-ኪው፣ ማለትም በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ፣ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ የተደመረ ነው እንጂ የሦስት ወር ብቻ አይደለም። ይህን ሳላውቅ አንድ ጊዜ የአንድ ኩባንያ የገንዘብ ፍሰት በየሩቡ እንደ ሮኬት ሲወጣ አይቼ ግኝት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ለሰው ሁሉ አወራሁ።

የማታ_ተማሪ

😂 የሮኬቱ ነገር እኔም ጋ ደርሷል።

ሠንጠረዥ_22፣ ዋልማርትና ታርጌትን አንድ ላይ ስላየሁብሽ ነው የገባሁት። እኔ የክፍል ሥራ ላይ በሁለቱ ተበልቻለሁ። ዋልማርት ጃንዋሪ 31፣ 2024 ያለቀውን ዓመት «የ2024 የሂሳብ ዓመት» ይለዋል። ታርጌት ፌብሩዋሪ 3፣ 2024 ያለቀውን «2023» ይለዋል። በሦስት ቀን የሚለያዩ ሁለት ዓመቶች፣ ስማቸው በአንድ ዓመት ይለያያል! እኔ በስሙ አሰለፍኳቸው። ሁለቱን ኩባንያ በአንድ ዓመት አዛንፌ አነጻጽሬ «ዋልማርት ከወረርሽኙ ቶሎ አገገመ» የሚል ድምዳሜ ጻፍኩ። መምህሩ ቀይ እስክሪብቶ አላነሳም። ብቻ አየኝ።

በዓመቱ ስም ሳይሆን ባለቀበት ቀን አሰልፊ። ኮስትኮ ደግሞ የሚዘጋው ኦገስት መጨረሻ አካባቢ ባለው እሑድ ነው። እሱን ከማን ጋር እንደምታሰልፊው ወስነሽ ጻፊው።

ሠንጠረዥ_22 (ጠያቂ)

ኧረ ጉድ! እኔም በስሙ ነበር ያሰለፍኩት። አሁኑኑ ልቀይረው።

እና ቴስኮስ? ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ነው የሚዘጋው፣ በቀኑ ለእነዋልማርት ይቀርባል። ግን ፓውንድ ነው።

ደብተር_ገላጭ

ገንዘቡ አያሳስብሽ። ፓውንድ ለፓውንድ ስታካፍይ ምንዛሬው ይጠፋል። የሬሾ ደግነቱ ይሄ ነው።

የሚያሳስበው ደንቡ ነው። ቴስኮ የሚሠራው በዓለም አቀፉ የሂሳብ ደንብ፣ በአይኤፍአርኤስ ነው፤ ሌሎቹ በአሜሪካው። ሁለት ቦታ ላይ ይጋጫሉ።

አንደኛው ኪራይ ነው። ከ2019 ጀምሮ በሁለቱም ደንብ የሱቅ ኪራይ ዕዳ ሆኖ ሀብትና ዕዳ መግለጫ ላይ ገብቷል። ችርቻሮ ማለት ደግሞ ኪራይ ማለት ነው። የምትጀምሪው ከ2019 በፊት ባለ መዝጊያ ከሆነ የዕዳ ጫናው ድንገት ዘሎ ይታይሻል። ኩባንያው አልተበደረም፣ የቀድሞው ኪራይ ነው የታየው። ሁለቱ ደንቦች የሚለያዩት ወጪው ላይ ነው። በአይኤፍአርኤስ ኪራዩ ለሁለት ይከፈላል፤ የዋጋ ቅናሽና ወለድ ይሆናል። በአሜሪካው አብዛኛው የሱቅ ኪራይ እንደ ድሮው አንድ የሥራ ማስኬጃ ወጪ ነው። ስለዚህ ከወለድ፣ ከግብርና ከዋጋ ቅናሽ በፊት ያለውን ትርፍ ብታወዳድሪ ቴስኮ በነፃ ያምርበታል።

ሁለተኛው ክምችት ነው። የአሜሪካው ደንብ ሊፎን ይፈቅዳል፤ መጨረሻ የገባው ዕቃ መጀመሪያ እንደወጣ መቁጠር ማለት ነው። አይኤፍአርኤስ ይከለክላል። ዋጋ ሲንር ሊፎ ክምችቱን በድሮ ዋጋ ያስቀምጠዋል። ክምችቱ ትንሽ ሲመስል ዙሩ ፈጣን ይመስላል። ክሮገር አብዛኛው ክምችቱ በሊፎ ነው። ደግነቱ መግለጫው ላይ የፊፎውን ክምችት (መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ እንደወጣ ሲቆጠር ያለውን) እና የሊፎውን ልዩነት በተለያየ መስመር ያሳያል። የፊፎውን መስመር ውሰጂ። የተሸጠውን ዕቃ ወጪ ደግሞ በልዩነቱ የዓመት ለውጥ አስተካክዪው።

ማሽኑ ይሄን አይነግርሽም ያልኩት ለዚህ ነበር። 🙂

ኮድ_ለቃሚ

እሺ ጋሼ፣ ይሁን። ሁለት ለዜሮ።

አዲስ_ገባሁ

ይቅርታ ክሩን ላቋርጥ። ለአክሲዮን ገበያ ያልወጡ ኩባንያዎች መረጃስ ይገኛል?

ደብተር_ገላጭ

እንደ አገሩ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የኩባንያዎች መዝገብ ቤቱ፣ ካምፓኒስ ሐውስ፣ የግል ኩባንያዎችንም መግለጫ በነፃ ያሳያል። ትንንሾቹ ግን አጠር ያለ ሀብትና ዕዳ ብቻ አስገብተው ትርፍና ኪሳራውን ሊያስቀሩ ይችላሉ። የትርፋማነት ሬሾ አታገኝበትም። አሜሪካ ውስጥ የግል ኩባንያ በአጠቃላይ እንዲህ ያለ ለሕዝብ የሚታይ ግዴታ የለበትም። ግን ቦንድ ለሕዝብ የሸጠ ከሆነ ኤድጋር ላይ ሊኖር ይችላል፣ ፈልገው።

የማታ_ተማሪ

ባንክም የምትሠሩ ካላችሁ፣ የአጭር ጊዜ ንብረት በአጭር ጊዜ ዕዳ የሚለውን ሬሾ ባንክ ላይ አትሞክሩት። መግለጫቸው እንደዚያ አይከፈልም። የካፒታል ብቃት፣ የተበላሸ ብድር፣ የብድርና የተቀማጭ ንጽጽር ነው የሚታየው። አንድ የክፍሌ ልጅ ሁለት ቀን «የአጭር ጊዜ ንብረት» የሚል መስመር ሲፈልግ ከረመ።

ሠንጠረዥ_22 (ጠያቂ)

ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። የጋሼን የሃያ አራቱን መንገድ ያዝኩ። አምስት ኩባንያ ጨርሻለሁ። አሁን ያበደው ሎውስ ነው። የካፒታል ተመላሽ ሳሰላ ነጌቲቭ ይመጣል። ኩባንያው ግን በቢሊዮን ያተርፋል! ሦስት ጊዜ ደገምኩት። መስመር ተሳስቼ ይሆን?

ኮድ_ለቃሚ

አልተሳሳትሽም። የሎውስ ካፒታል ራሱ ከዜሮ በታች ነው። ፌብሩዋሪ 2፣ 2024 ላይ ከዜሮ በታች 15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ኪሳራ አይደለም። የራሱን አክሲዮን ከገበያ መልሶ እየገዛ ካፒታሉን በልቶት ነው። ማክዶናልድስና ስታርባክስም እንደዚያው ናቸው።

አደገኛው ነገር ምን መሰለሽ፣ ትርፉም ካፒታሉም ነጌቲቭ የሆነ ኩባንያ ቢገጥምሽ ውጤቱ ፖዘቲቭ ይመጣል። ኤክሴል ዝም ብሎ «አርባ በመቶ ተመላሽ» ይልሻል። ካፒታሉ ከዜሮ በታች ከሆነ ሕዋሱ «ትርጉም የለውም» ብሎ እንዲጽፍ ቀመር አስገቢበት። ለሎውስ የጠቅላላ ሀብት ተመላሹን አሳዪ።

አፕልም ራሱ ከዚህ በሽታ ትንሽ አለበት። በ2023 ያተረፈው 96,995 ሚሊዮን ነው። ለ62,146 ካፒታል ስታካፍይው 156 በመቶ። ማን ነው በዓመት ካፒታሉን አንድ ተኩል ጊዜ የሚያተርፍ? ካፒታሉ ስላነሰ ነው። ለጠቅላላ ሀብቱ፣ ለ352,583፣ ብታካፍይው 27.5 በመቶ ነው። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም።

ሠንጠረዥ_22 (ጠያቂ)

ተመስገን! አሁን ልተኛ ነው። አንድ ነገር ብቻ፤ ዋልማርት የአጭር ጊዜ ንብረቱ ከአጭር ጊዜ ዕዳው ያንሳል፤ ከ1 በታች። የመማሪያ መጽሐፉ «2 ጤነኛ ነው» ይላል። ዋልማርት ታሟል ልበል?

ደብተር_ገላጭ

እንዳትይ! ዋልማርት ዕቃውን ሸጦ ጥሬ ገንዘብ የሚይዘው ለአቅራቢው ከመክፈሉ በፊት ነው። በአቅራቢው ገንዘብ ነው የሚነግደው። ለትልቅ ችርቻሮ ከ1 በታች መሆን የተለመደ ነው። ያ «2» የሚባለው ቁጥር ስንት ተማሪ እንዳሳሳተ!

ማነጻጸሪያ ከፈለግሽ የዘርፉን አማካይ ውሰጂ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አስዋት ዳሞዳራን በየጃንዋሪው የየዘርፉን ሬሾ በኤክሴል በነፃ ይለጥፋል። ግን የእሱንም ትርጉም አንብቢ። ለምሳሌ ኪራይን ዕዳ ውስጥ ይቆጥራል። አንቺ ካልቆጠርሽ አትገናኙም።

የማታ_ተማሪ

ስለ ቀሩት ሁለት ኩባንያዎች አንድ ሐሳብ ላቅርብ። አሁን የያዝሻቸው ሁሉ በሕይወት ያሉ ናቸው። ሲርስን ብትጨምሪስ? በኦክቶበር 2018 ነው ለኪሳራ ጥበቃ ያመለከተው። ቤድ ባዝ ኤንድ ቢዮንድ ደግሞ በአፕሪል 2023። የነፃ ድረ ገጾቹ የሞተ ኩባንያ ብዙ ጊዜ ያነሳሉ፣ ኤድጋር ላይ ግን ሪፖርቶቹ እንዳሉ ናቸው። ሬሾው ከመውደቃቸው በፊት ምን ይል እንደነበር ማየት ትችያለሽ።

ሠንጠረዥ_22 (ጠያቂ)

ቤድ ባዝን ወሰድኩት። ሲርስ ከዓመቶቼ ውጭ ሆነብኝ። በእሱ ቦታ ምን እንደምጨምር አማካሪዬን እጠይቃለሁ።

ሠንጠረዡን እንደዚህ አድርጌዋለሁ። አንድ ቁጥር አንድ መስመር። ከጎኑ የሪፖርቱ ዓመት፣ የገጹ ቁጥር፣ መግለጫው በሺህ ይሁን በሚሊዮን፣ ሪፖርቱ የገባበት ቀን። ሬሾዎቹ በሌላ ገጽ ላይ ናቸው፣ እያንዳንዱ ራሱ ላይ «ዕዳ ማለት ወለድ የሚከፈልበት ብድር ብቻ» ዓይነት መግለጫ አለው። ማረጋገጫ መስመርም ጨመርኩ፤ ሀብት ከዕዳና ካፒታል ድምር ጋር እኩል ካልሆነ ቀይ ይሆናል። ዛሬ ሦስት ቀይ አገኘሁ። ሁለቱ የኔ የትየባ ስህተት ነበሩ። ሦስተኛው የቴስኮ ነው፣ የአናሳ ባለአክሲዮኖችን ድርሻ ዘልዬው።

ኮድ_ለቃሚ

ጎበዝ! ያንቺን ሠንጠረዥ ከኤፒአዩ ጋር ላመሳክርልሽ? የአሜሪካዎቹን ብቻ። አሥር ደቂቃ ነው።

ሠንጠረዥ_22 (ጠያቂ)

ደስ ይለኛል! ልኬልሃለሁ።

ኮድ_ለቃሚ

አየሁት። አንለያይም ልል ነበር፣ በአራት ቦታ ግን ተለያየን። ሦስቱ እኔ ዘንድ ያለው ከኋላ የተስተካከለው ቁጥር ስለሆነ ነው። አንዱ የታርጌት ነው፣ ጠቅላላ ገቢውን ነው ወይስ ሽያጩን ብቻ የወሰድሽው? ሁለት መስመር አለው።

ሠንጠረዥ_22 (ጠያቂ)

ጠቅላላውን ነው። ኮስትኮም የአባልነት ክፍያ ስላለው ለሁሉም ጠቅላላ ገቢ ብያለሁ።

ኮድ_ለቃሚ

እንግዲያው የኔ ነው የተሳሳተው። ሦስት ለዜሮ።

የማታ_ተማሪ

ያ የታርጌት ዓመት እኮ 53 ሳምንት ነበረው፣ የክሮገርም። የዋልማርት በሳምንት አይቆጠርም፣ ሁልጊዜ ጃንዋሪ 31 የሚያልቅ ሙሉ አሥራ ሁለት ወር ነው። ምን አደረግሽው?

ሠንጠረዥ_22 (ጠያቂ)

ምንም። ግርጌ ላይ ጻፍኩት።